ካውንተራችን ላይ ስላለው ባለመብራት መደርደሪያ፦ ለሀበሻ ባለሱቆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሱቅና ጋዝ ስቴሽን ላላችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ካሸር ሆናችሁ ለምትሠሩ ወገኖቼ፤

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ?

ስሜን አልጽፍም። የልጄ ነገር ስላለበት ነው። ከመሃላችሁ መልኬን የምታውቁት ግን አትጠፉም። ሰባት ዓመት ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ካሸር ነበርኩ፤ ያውም የማታ ሺፍት። ቡና፣ ሎተሪ፣ ቺፕስ፣ ሲጋራ ሸጫለሁ። ቬፕም፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሸጫለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዳር ቆሜ ጣት የምቀስር እንዳይመስላችሁ ነው።

አንድ እሑድ ማታ የ15 ዓመት ልጄን ጃኬት ላጥብ አነሳሁት። ማንጎ ማንጎ ሸተተኝ። ሎሽን ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ኪሱን ስፈትሽ ግን እጄ ለስላሳ ነገር ነካ። አወጣሁት። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የሚበልጥ ዕቃ ነው። ከላይ ብርቱካንማ ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ ሮዝ ይሆናል። ፊቱ ላይ የጥፍር ያህል ስክሪን አለው። ሌላ እናት ብትሆን የጆሮ ማዳመጫ ማስቀመጫ መስሏት ጠረጴዛው ላይ ታኖርለት ነበር። እኔ ወዲያው አወቅሁት። እናት ስለሆንኩ አይደለም። ስንቱን ሸጬዋለሁ!

ስጠይቀው አልዋሸኝም። «ማሚ፣ ሲጋራ እኮ አይደለም፤ ፍሌቨር ነው» አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ። ከልቡ ነው።

የገረመኝ ይሄ ነው። ልጄ ሲጋራ አይወድም። አጎቱ በረንዳ ላይ ሲያጨስ ፊቱን አጨማዶ በሩን የሚዘጋ ልጅ ነው። ያው ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ኒኮቲን ይስብ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቱ ውስጥ አይገናኙም። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ዕቃው ራሱ እንዳይገናኙ ተደርጎ ተሠርቷል።

ስለ ሳንባና ስለ ልብ ሐኪም ይንገራችሁ። እኔ ከካውንተር ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ልጆች ምን አይተው እንደሚመርጡ፣ ምን አይተው «ይሄ አይጎዳም» እንደሚሉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። በእኛ ጊዜ ልጅ ሲጋራን የሚያውቀው ተልኮ ነው። «ነይ እስቲ፣ ሁለት ፍሬ ኒያላ ይዘሽልኝ ነይ» ይባላል። ሱቅ በደረቴው ሳጥኑ ላይ ሲጋራውን፣ ማስቲካውን፣ ከረሜላውንና ሶፍቱን ጎን ለጎን ይደረድራል። ሲጋራው ከከረሜላ አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ከረሜላ አይመስልም ነበር። ይሸታል። ያስላል። ጣትን ቢጫ ያደርጋል። ቤት ውስጥ ከተጨሰ መጋረጃው ሳይቀር ያሳብቃል። ተደብቆ ያጨሰ ጎረምሳ ሎሚ ይመጥጣል፣ እጁን በሳሙና ይፈትጋል፣ ማስቲካ ያላምጣል። እናቱ ግን ገና በር ላይ ነው የምትይዘው። ሲጋራ ራሱን በራሱ የሚያጋልጥ ነገር ነበር። ለልጅ አስቀያሚ የሚሆነውም በዚሁ ነው። መጀመሪያ የሳበ ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሆዱ ተገለባብጦ ነው የሚመለሰው። ብዙዎቻችን እዚያው ላይ ነው የቀረነው።

ቬፕ ያንን ሁሉ አውልቆ ጥሏል።

ሽታውን በማንጎ ተካው። አመድ የለም፣ ክብሪት የለም። ጭሱ ደግሞ «እንፋሎት» ተባለ። እንፋሎት ሲባል የሚመጣብን የሻይ ጀበና ነው፣ የገንፎ ድስት ነው። ማን እንፋሎት ይፈራል? ልጄም «ውሃ እኮ ነው» ብሎኛል። ውሃ አይደለም። ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ፈሳሾች፣ ኒኮቲን፣ ማጣፈጫ፣ ከሚግለው ሽቦ የሚመጡ ደቃቅ ብረቶችም አሉበት። ግን ቃሉ ቀድሞ ሥራውን ሠርቷል።

ከሁሉ በላይ የጠፋው ግን የጉሮሮ መቧጠጡ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጁል የሚባለው ቬፕ በ2015 ገበያ ላይ ሲወጣ ፍላሽ ዲስክ ይመስል ነበር። ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ነው ቻርጅ የሚደረገው። አስተማሪ ፊት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ማን ይጠረጥረዋል? ሰው ሁሉ ስለ መልኩ ነበር የሚያወራው፤ ዋናው ለውጥ ግን ውስጡ ነው። ተራ ኒኮቲን በብዛት ሲሆን ጉሮሮ ይቧጥጣል። እነሱ ቤንዞይክ አሲድ ጨመሩበትና የኒኮቲን ጨው አደረጉት። መቧጠጡ ቀረ። አንዷ ፖድ፣ ማለትም ፈሳሹ ያለባት የምትቀየር ትንሽ ዕቃ፣ 5 በመቶ ኒኮቲን ነበራት። ኩባንያው ራሱ ከአንድ ፓኮ ሲጋራ ጋር ያመሳስላት ነበር። አንድ ፓኮ ማለት 20 ፍሬ ነው። ጀማሪ ልጅ በአንድ ጊዜ ተቀምጦ 20 ፍሬ ሲጋራ መሳብ አይችልም፤ ሰውነቱ እምቢ ይላል። ለስላሳ ሆኖ ሲመጣ ግን እምቢ የሚል አካል የለም።

ልጅ ጉዳትን የሚለካው በጉሮሮው ነው። ካላቃጠለው፣ ካላሳለው፣ ቀላል ነው ብሎ ይደመድማል። እዚህ ጋ ነገሩ ተገልብጧል፤ ለስላሳው ነው ብዙ ኒኮቲን የተሸከመው። በ2018 በወጣ አንድ ጥናት፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው የጁል ተጠቃሚዎች 63 በመቶው ዕቃው ሁልጊዜ ኒኮቲን እንዳለው አያውቁም ነበር። እየሳቡት ነው የማያውቁት። የልጅ አእምሮ ደግሞ እስከ 25 ዓመት ድረስ ገና እየተሠራ ነው፤ ሱስ ቶሎ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ።

እኔ እሠራበት በነበረው ቦታ አንድ ቀን አከፋፋዩ መደርደሪያ ይዞ መጣ። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ከሥሩ መብራት አለው። በነፃ ነው የሰጠን። «ካውንተሩ ላይ፣ ከማስቲካው አጠገብ አድርጉት» አለ። አደረግነው። እኔ ነኝ የደረደርኩት። መጀመሪያ በዋጋ ደረደርኩ። በኋላ አሰልቺ ስለሆነብኝ በቀለም ቀየርኩት፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። እንደ ቀስተ ደመና። በዚያ ሳምንት ሽያጩ ጨመረ። አለቃዬ አመሰገነኝ። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ከዚያ ወዲያ ሰው እንዴት እንደሚገዛ ማየት ጀመርኩ። ትልልቆቹ አጫሾች ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ኒኮቲኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ወጣቶቹ ይህን አይጠይቁም። ጣታቸውን ይቀስራሉ። «ያ ሰማያዊው»፣ «ያ ሮዙ»። አንድ ጊዜ ሁለት ልጃገረዶች መጡ። አንደኛዋ አይዲዋ ትክክል ነው፤ ሌላዋ ገና ልጅ ናት። ትንሿ ናት የምትመርጠው። ከስልኳ ሽፋን ጋር እያስጠጋች ቀለሙን ታመሳስል ነበር። አልሸጥኩላቸውም። ስቀው ወጡ። ምናልባት ሌላ ቦታ ሄደው ገዝተው ይሆናል። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ያ ማመሳሰሉ ነው። ኒኮቲን ስትመርጥ አልነበረም። ጌጥ ነበር የምትመርጠው።

ስሞቹን እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ብሉቤሪ፣ ሐብሐብ፣ ኮተን ካንዲ። ከጎናቸው ደግሞ «አይስ» የምትል ቃል ትለጠፋለች። ይቺ «አይስ» ተራ ጌጥ አይደለችም። የሚያቀዘቅዝ ማጣፈጫ ገብቶበታል ማለት ነው። ጉሮሮ ሲቀዘቅዝ ቃጠሎ አይሰማም። ሜንቶል ሲጋራ ላይ ለዘመናት የተሠራው ሥራ ነው፤ አሁን ከሐብሐብ ጋር ሆኖ ተመለሰ። ልጅ ግን «አይስ» ሲያነብ በረዶ ነው የሚታየው፣ የበጋ መጠጥ ነው የሚታየው።

ቁጥሩም አለ። 15,000 ፑፍ (ስንት ጊዜ እንደሚሳብ ማለት ነው)፣ 25,000 ፑፍ ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ለእኔ አስፈሪ ቁጥር ነው። ለልጅ ግን ቅናሽ ነው፤ ብዙ በርካሽ። የኒኮቲኑ መጠን ታች በደቃቁ ነው ያለው። ስክሪኑ ደግሞ ባትሪና የቀረውን ፈሳሽ ያሳያል፣ ስትስበው ብርሃን ይረጫል። ጨዋታ ያለባቸውም ወጥተዋል። ሲጋራ ላይ ጨዋታ! አያቴ ብትሰማ ታማትብ ነበር።

በ2024 በተደረገው የአሜሪካ ብሔራዊ የወጣቶች የትምባሆ ጥናት፣ 1.63 ሚሊዮን የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቬፕ ይጠቀሙ ነበር። ከእነሱ ውስጥ 87.6 በመቶው ጣዕም ያለውን ነው የሚጠቀሙት፤ ፍራፍሬ አንደኛ፣ ከረሜላ ሁለተኛ። ከአራቱ አንዱ በየቀኑ ይስባል። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ በጣም ወርዷል። በ2019 ከሃይስኩል ተማሪዎች 27.5 በመቶው ይጠቀም ነበር። ይህ የሚያሳየኝ ነገሩ የማይቻል አለመሆኑን ነው። የቀሩት ልጆች ግን በምን እንደተያዙ ግልጽ ነው።

ቀለም ሲናገር መስማት ከፈለጋችሁ ከቬፕ በፊት የነበረውን አስታውሱ። «ላይት» ሲጋራ ትዝ ይላችኋል? ሰው ሁሉ ቀለል ያለ፣ የማይጎዳ ይመስለው ነበር። በ2006 ግላዲስ ኬስለር የተባሉ የፌደራል ዳኛ ኩባንያዎቹ በዚህና በሌሎችም ነገሮች ሕዝብን እንዳታለሉ ፈረዱ። በ2009 ሕግ ወጣ። ከ2010 ሰኔ ጀምሮ «ላይት» ብሎ ጽፎ መሸጥ ቀረ። ማርልቦሮ ላይትስ ማርልቦሮ ጎልድ ሆነ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ከዚያ ስንት ዓመት በኋላ ነው። ደንበኞቼ ግን አሁንም «ላይት ስጪኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም ምንም ሳልጠይቅ ወርቃማውን ፓኮ አነሳለሁ። ቃሉ ታገደ፤ ቀለሙ ቃሉን ተክቶ ማውራቱን ቀጠለ። አውስትራሊያዎች ይህ ገብቷቸው ነው በ2012 ፓኮውን ሁሉ አንድ ዓይነት ጭቃማ ቀለም ያደረጉት። አርማ የለም፣ ወርቅ የለም። ጭቃ ብቻ።

እዚህ አገር ሕጉ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። በ2020 መጀመሪያ ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ጣዕም ያላቸውን ፖዶች ከገበያ ላስወጣ ሲል አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ዲስፖዘብሎች ተዋቸው። ልጆቹ ወደዚያው ዞሩ። ከዚያ «የእኛ ኒኮቲን ከትምባሆ ቅጠል አይደለም፣ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ነው» የሚሉ መጡ። በ2022 ኮንግረስ ያቺን ቀዳዳ ደፈነ። በ2025 ሚያዝያ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጣፋጭ ጣዕሞችን አልፈቅድም ያለውን ኤፍዲኤን ደገፈ። በወረቀት ላይ ካያችሁት፣ መደርደሪያችን ላይ ያሉት ባለስክሪንና ባለከረሜላ ዲስፖዘብሎች አብዛኞቹ የኤፍዲኤ ፈቃድ የላቸውም። በተግባር ግን አከፋፋዩ በየሳምንቱ ይመጣል። ዲሲ ውስጥ ጣዕም ያለው ትምባሆና ቬፕ መሸጥ ከ2022 ጥቅምት ጀምሮ ክልክል ነው። ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትሻገሩ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው።

ሕግ ይስተካከል ብዬ ለምክር ቤት መጻፍ እችል ነበር። እጽፍም ይሆናል። ለእናንተ መጀመሪያ የጻፍኩት ግን መደርደሪያው ያለው እናንተ እጅ ላይ ስለሆነ ነው።

ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። የሲጋራ ትርፍ ሳንቲም ነው፤ ቬፕ ላይ ግን ዶላር ይገኛል። እኔም ደሞዜን ከዚያው ነው ያገኘሁት። ስለዚህ «ዝጉት» አልልም። ሲጋራ ያቆመበት ሰውም አለ። የማውቀው የኡበር ሹፌር 20 ዓመት ያጨሰውን ሲጋራ በቬፕ ነው የተወው። ዛሬ ደረጃ ሲወጣ አያለከልክም። አልነፍገውም። ግን ልብ በሉ፣ እሱ የሚገዛው ጥቁሩን፣ የትምባሆ ጣዕም ያለውን ነው። ከመሳቢያ አውጥቼ ብሰጠው ግድ አይሰጠውም። ቀስተ ደመናው ለእሱ አይደለም።

እናም የምለምናችሁ ይሄን ነው። መደርደሪያውን ከማስቲካው አጠገብ አንሱት። ከጀርባችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከተቻለም መዝጊያ ባለው ነገር ውስጥ አኑሩት። መብራቱን ንቀሉት። ከረሜላ የሚመስለውን፣ ጨዋታ ያለበትን፣ ፈቃድ የሌለውን አታዝዙ። አከፋፋዩ ያኮርፋል፤ ያኩርፍ። ልጅ ዕቃውን ከስኒከርስ ቸኮላት ጎን ሲያየው የሚማረው ነገር አለ። «ይሄ ከዚያ ወገን ነው» ይላል። እናንተ አንድም ቃል ሳትናገሩ ቦታው ይነግረዋል።

አይዲ ጠይቁ። ዕድሜው 21 ነው፤ ከ2019 ታኅሣሥ ጀምሮ በመላ አገሪቱ። ከ2024 መስከረም መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከ30 ዓመት በታች የሆነን ሰው ሁሉ ፎቶ ያለው መታወቂያ መጠየቅ ግዴታ ነው። የእኛን ሰው ችግር አውቀዋለሁ። ይሉኝታ ነው። የጋሽ እገሌ ልጅ ይገባል። ክርስትናው ላይ በልተናል። «ሰላም ነው፣ እናትህ ደህና ናት?» ትላላችሁ፤ ከዚያ አይዲ መጠየቅ ያሳፍራል። እኔ በኋላ ላይ መላ አገኘሁለት። «ለእናትህ ልደውልላት? ድምጿን ከሰማሁ ቆይቷል» እል ነበር። ልክ ካልሆነ ቺፕሱን ብቻ ይዞ ይወጣል።

አሁን የማስጠንቀቂያውን ነገር ልንገራችሁ። ከካውንተር ጀርባ ካልቆማችሁ አይታወቃችሁም። ሳጥኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ይህ ምርት ኒኮቲን አለው፣ ኒኮቲን ሱስ የሚያስይዝ ኬሚካል ነው ይላል። ገዢው ግን ምን ያደርጋል? እዚያው ካውንተር ላይ ሳጥኑን ቀዶ ዕቃውን አውጥቶ ይሄዳል። ሳጥኑን እኔ ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ። በሺፍቴ መጨረሻ ቅርጫቱ በማስጠንቀቂያ ይሞላ ነበር። ልጄም ቬፑን የገዛው ትምህርት ቤት ውስጥ ከልጅ ነው። ያለ ሳጥን። ማስጠንቀቂያውን አይቶት አያውቅም። ለእሱ የተረፈው ብርቱካንማውና ሮዙ ነው።

ወላጅ የሆናችሁ ደግሞ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አላጨስም» ይላችኋል፤ ደግሞም አይዋሽም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠይቅ የነበረው የተሳሳተውን ጥያቄ ነው። «ጓደኞችህ የትኛውን ጣዕም ነው የሚወዱት?» ብትሉ ይሻላል። ብዙ ትሰማላችሁ። ደግሞ ማሽተትን አትመኑ። ድሮ ሽታ ያጋልጥ ነበር፤ አሁን ቤቱ ማንጎ ማንጎ ካለ ነው ማሰብ ያለባችሁ።

እኔና ልጄ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ተቀመጥን። አልጮህኩም፤ የምጮህበት አፍ አልነበረኝም። «እኔ ይህን ሸጬ ነው ጫማህን የገዛሁት» አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ ማን ማንን እንደሚያጽናና ጠፋን። ወደ አሥር ቀን ያህል ከፋ። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ የለውም፣ እኅቱ ላይ ይጮኻል። ያኔ ነው እሱም ኒኮቲን መሆኑን ያመነው። «ፍሌቨር ከሆነ ለምንድን ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ረዳችን። ነፃው የማቆሚያ ስልክም አለ፣ 1-800-784-8669። አስተርጓሚ ጠይቁ።

አንድ የግል ጸጸት ልጨምር። አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ ውስጥ የምንከተው ነገር አለ። ሽቶ፣ ጫማ፣ ቫይታሚን። አንድ ዓመት የአክስቴ ልጅ «ቬፕ አምጪልኝ፣ እዚህ ሐሰተኛው ነው ያለው» አለኝ። ሦስት ወሰድኩለት። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት መሸጡ የተከለከለ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ያ አዋጅ ጣዕም ያለውን ትምባሆና ሺሻንም ከልክሏል፤ ለሽያጭ የሚፈቀደውንም ዕድሜ 21 አድርጎታል። ከብዙ ሀብታም አገር የጠነከረ ሕግ ነው። እኔ ደግሞ በሻንጣዬ እያለፍኩት ነበር። ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ሲያወጣው ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ተቀባበሉት። «የአሜሪካ ነው» አለ። ትንሿ እኅቱ፣ የ14 ዓመቷ፣ ስክሪኑን እያየች «ያምራል» አለች። ጣዕሙ፣ ቀለሙ፣ መብራቱ አልበቃ ብሎ እኔ «የአሜሪካ» የሚለውን ክብር ጨምሬበት ነው የሄድኩት። እባካችሁ ቡናና ሽቶ ይበቃል። ይቅርታ፣ ቡናውንስ ከዚያ ነው የምናመጣው።

የቀድሞው አለቃዬ ስለዚህ ደብዳቤ ያውቃል። ልኬለት አንብቦታል። መጀመሪያ ተናደደ፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ዝም አለኝ። ባለፈው ሐሙስ ቤንዚን ልቀዳ ገብቼ ነበር። ባለመብራቱ መደርደሪያ አሁንም ካውንተሩ ላይ አለ፤ ከማስቲካው ጎን፣ ድሮ ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። መብራቱም በርቷል። ላዩ ላይ ግን በትንንሽ ላስቲክ የታሰረ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ተደርድሯል። አንዱ 3 ዶላር። «ይሸጣል?» አልኩት። «ከእናንተ ሰፈር ሰዎች በቀር ማን ይገዛዋል» አለኝ፤ ሁለት ላስቲክ ሸጠልኝ።

የቀድሞ ካሸር፣ የሁለት ልጆች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ